ምዕራፍ ሰባት፦ ሰማይ ሳያዩ መንገድ ማወቅ

እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ፣ የጋዛው ጦርነት ከተጀመረ በኋላ፣ በሰሜን እስራኤል የሚኖሩ ሰዎች ስልካቸው ግራ ያጋባቸው ጀመር። ሃይፋ ቆመው ካርታ ሲከፍቱ ስልኩ ያሉት ቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ እንደሆነ ይነግራቸዋል። ታክሲ በስልክ መጥራት፣ ምግብ ማዘዝ፣ የማያውቁትን ቤት መፈለግ ሁሉ ተበላሸ። በከተማዋና በዙሪያዋ የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችንም ከዚህ አላመለጡም። የአገሪቱ ጦር ኋላ ላይ ነገሩን አመነ፤ ከሊባኖስ የሚተኮሱ ሚሳይሎችና ድሮኖች ዒላማቸውን እንዲስቱ የሳተላይቱን ምልክት ሆን ብሎ ያውክ ነበር። (በዚህ ምዕራፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጂፒኤስ ሳተላይቶች የሚዞሩት ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ የሚልኩት የሬዲዮ ምልክት እኛ ዘንድ ሲደርስ ኃይሉ የአንድ ዋት አሥር ሺህ ትሪሊዮንኛ ያህል ብቻ ይሆናል። እሱን ለመዋጥ ትልቅ ማሠራጫ ጣቢያ አያስፈልግም፤ ቅርብ ያለ ደካማ አስተላላፊ ይበቃል። ምልክቱ ሲታፈን ቢያንስ ተቀባዩ መሣሪያ «አልሰማም» ብሎ ያሳውቃል። የሚከፋው አስመስሎ መላክ ነው። ተቀባዩ እውነተኛውን ትቶ ሐሰተኛውን ይሰማና የተሳሳተውን ቦታ በሙሉ ልብ ይናገራል። ሃይፋ ላይ ቤይሩትን ያሳየው ስልክ ምንም ብልሽት አልነበረበትም፤ የሰማውን አምኖ ነው።

ጂፒኤስ ሙሉ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1995 ነው። ከዚያ በፊት አውሮፕላኖች አትላንቲክን ይሻገሩ ነበር፤ ሰርጓጅ መርከቦች በበረዶ ሥር ያልፉ ነበር፤ ሰውም ጨረቃ ላይ አርፎ ተመልሷል። ያን ጊዜ መንገዱን ያሳያቸው የነበረው መሣሪያ ከውጭ ምንም አይሰማም። የሚያውቀው የራሱን እንቅስቃሴ ብቻ ስለሆነ ማንም ከውጭ ሊዋሸው አይችልም። ድክመቱ ሌላ ነው፤ ጊዜ በሄደ ቁጥር ራሱን በራሱ ያስታል። የዚህ ምዕራፍ ታሪክ መሐንዲሶች ይህን ስህተት ለመግታት ያደረጉት ትግል ነው።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ታክሲ ውስጥ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ተቀምጣችኋል እንበል። መኪናው ሲነሳ ጀርባችሁ ወንበሩ ላይ ይለጠፋል፤ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት ትገፋላችሁ፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ትከሻችሁ ወደ ግራ ይሄዳል። እያንዳንዱ ግፊት ምን ያህል እንደበረታና ስንት ሰከንድ እንደቆየ ሳይሳሳት የሚመዘግብ ሰው ቢኖር፣ ከመገናኛ ተነስቶ ዓይኑን ሳይገልጥ «አሁን ስድስት ኪሎ ደርሰናል» ማለት ይችላል።

ኢነርሺያል የሚባለው የአቅጣጫ መሣሪያ የሚሠራው ይህንኑ ነው። በውስጡ ሁለት ዓይነት መለኪያዎች አሉ። አንዱ አክሰለሮሜትር ነው፤ የፍጥነት ለውጥን ይለካል። ለውጡ ከደቂቃ ደቂቃ ሲደመር ፍጥነት ይገኛል፤ ፍጥነቱ እንደገና ሲደመር የተጓዝነው ርቀት ይወጣል። ሌላው ጋይሮስኮፕ ነው። በፍጥነት የሚሽከረከር ጎማ ካልተገፋ በስተቀር የጀመረውን አቅጣጫ አይለቅም፤ ስለዚህ መርከቡ ወይም አውሮፕላኑ ቢዞርም ቢያዘነብልም ምን ያህል እንደዞረ ከሱ ጋር ተነጻጽሮ ይታወቃል። ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያለው ሁሉ እንዲለካ ከየዓይነቱ ሦስት ሦስት ይቀመጣሉ።

አሠራሩ በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። ችግሩ ያለው ሁለት ጊዜ መደመሩ ላይ ነው። አክሰለሮሜትሩ ከመሬት ስበት አንድ ሺህኛውን ያህል ብቻ ቢሳሳት፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቦታችንን 18 ሜትር ያህል ያስተዋል። ይህ ምንም አይደለም ሊባል ይችላል። በአሥር ደቂቃ ግን ስህተቱ ወደ 1.8 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጊዜው አሥር እጥፍ ሲሆን ስህተቱ መቶ እጥፍ አደገ ማለት ነው። ለአሥር ሰዓት በረራ የሚሆን መሣሪያ ለመሥራት ምን ዓይነት ጥራት እንደሚጠይቅ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ታች የት ነው?

ከዚህም የባሰ ችግር ነበር፤ ለኔ የጠቅላላው ታሪክ ውብ ክፍል እዚህ ላይ ያለው ነው። አክሰለሮሜትር የመሬትን ስበትና የጉዞን ግፊት ለይቶ አያውቅም። ትንሽ ካዘነበለ ቆሞ እያለ እየተጓዘ ያለ ይመስለዋል። ስለዚህ «ታች» የት እንደሆነ ምን ጊዜም በትክክል ማወቅ አለበት። ቱምቢ እንዳናንጠለጥልለት ደግሞ አውሮፕላኑ ፍጥነት በለወጠ ቁጥር ቱምቢው አብሮ ይወዛወዛል። በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ስበትን ከፍጥነት ለውጥ መለየት እንደማይቻል የአንስታይን ትምህርትም ይነግረናል። ጆርጅ ጋሞቭን የመሰለ ትልቅ የፊዚክስ ሊቅ በዚህ ምክንያት ነገሩ አይሆንም ብሎ ተከራክሮ ነበር።

መልሱ ግን ጀርመን ውስጥ በ1923 ታትሞ ነበር። ማክስ ሹለር የሚባል መሐንዲስ እንዲህ ብሎ አሰበ፦ የቱምቢው ገመድ እስከ ምድር እምብርት ድረስ ቢረዝምስ? 6,371 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ገመድ ማለት ነው። የላይኛውን ጫፍ የያዘው አውሮፕላን እንደፈለገው ቢፈጥን፣ ቢዘገይ፣ ቢታጠፍ፣ የታችኛው ጫፍ ከምድር መካከል አይነቃነቅም። ገመዱ ሁልጊዜ ወደ ምድር መሐል ያመለክታል፤ ያ ደግሞ ትክክለኛው «ታች» ነው። እንዲህ ያለ ቱምቢ አንድ ጊዜ ተወዛውዞ ለመመለስ 84.4 ደቂቃ ይፈጅበታል።

እንዲህ ያለ ገመድ ማንም ሊሠራ አይችልም። ነገር ግን ጋይሮስኮፖችና አክሰለሮሜትሮች የተቀመጡበትን መድረክ ልክ እንደዚያ ቱምቢ እንዲሆን አድርጎ ማገናኘት ይቻላል። ሥራው ይህ ነው፦ አውሮፕላኑ በምድር ክብ ላይ አንድ የባሕር ማይል በተጓዘ ቁጥር መድረኩን በአንድ ዲግሪ ስልሳኛ ማዘንበል። በዚህ መንገድ «ታች» ከጉዞው ጋር አብሮ ይዞራል። ሌላም በረከት አለው። ቅድም ያልነው የአክሰለሮሜትር ስህተት ያለ ገደብ ማደጉ ይቀርና በ84 ደቂቃ እየሄደ የሚመለስ ማዕበል ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቀስ እያለ የሚጠራቀመው የጋይሮስኮፑ ስህተት ነው።

ይህን በተግባር ያሳየው ቻርልስ ስታርክ ድሬፐር ነው። በማሳቹሴትስ ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመሣሪያ ላቦራቶሪ ይመራ ነበር። በፌብሩዋሪ 1953 አንድ ቢ-29 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ውስጥ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን መሣሪያ ጭኖ ከማሳቹሴትስ ወደ ሎስ አንጀለስ ተነሳ። አሜሪካን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያቋርጠው ይህ በረራ ከ12 ሰዓት በላይ የፈጀ ሲሆን፣ አውሮፕላኑን የመራው ሳጥኑ ነበር። ድሬፐር ራሱ ተሳፍሯል፤ በሠራው ዕቃ የሚተማመን ሰው ነበር። ከዓመታት በኋላ ላቦራቶሪው ለአፖሎ የጨረቃ ጉዞ አቅጣጫ መሪውን እንዲሠራ ሲመረጥ፣ ዕድሜው 60 የደረሰው ድሬፐር እኔ ራሴ ጠፈርተኛ ሆኜ ልሂድ ብሎ ለናሳ በደብዳቤ አመልክቷል።

ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ግን ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ይህን ዕውቀት ያሳደገው የኑክሌር ሚሳይል ነው። ማንም ሊያውከው የማይችል፣ ከውጭ ምንም የማይጠብቅ መሪ የሚፈልገው ከሁሉ በፊት የጦር ሠራዊት ነበር። የኤም አይ ቲ ተማሪዎች በ1969 በላቦራቶሪው ላይ ሰልፍ የወጡት በዚህ የተነሳ ነው፤ በ1973 ላቦራቶሪው ከዩኒቨርሲቲው ተለየ። ተማሪዎቹ ያነሱት ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከበረዶው ሥር

ጋይሮ ኮምፓስ የሚባለው መሣሪያ ሰሜንን የሚያገኘው ምድር በራሷ ዛቢያ ላይ ስትዞር ተሰምቶት ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ ሥራ ይቀልለዋል። ከተማችን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ወደ ሰሜን ስለሆነች የምድር ዛቢያ አጋድሞ ወደ ሰሜን ያመለክታል፤ መሣሪያው ግራ የሚገባው ነገር የለም። ወደ ዋልታው በተጠጋን ቁጥር ግን ዛቢያው እየቆመ ይሄዳል። ዋልታው ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይቆማል፤ በየትኛውም በኩል ብንዞር አቅጣጫው ደቡብ ነው። መግነጢሳዊው ኮምፓስም እዚያ አይታመንም።

በ1958 ክረምት ኖቲለስ የተባለችው የአሜሪካ ኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ በሰሜን ዋልታ በረዶ ሥር ልታልፍ ስትነሳ የገጠማት ይህ ነው። አዛዡ ዊልያም አንደርሰን እጅግ ይፈራው የነበረው ነገር አቅጣጫ ጠፍቶት በበረዶው ሥር ክብ መዞር ነበር። በረዶ ሥር ያለ መርከብ ወጣ ብሎ ኮከብ አያይም። የሬዲዮ ምልክትም ውኃውን ዘልቆ አይደርስለትም። መርከቧ ላይ የተተከለው መሪ ናቫሆ ለተባለ ሚሳይል የተሠራ ነበር፤ ሚሳይሉ ከአንድ ዓመት በፊት ተሰርዞ ነበርና መሣሪያው ለሰርጓጇ ተስተካከለ። ኖቲለስ በጁን ሞክራ በረዶው ወደ ታች ወርዶ መተላለፊያ ሲነሳት ተመልሳ ነበር። ወደ ጁላይ መጨረሻ ከፐርል ሃርበር ዳግመኛ ተነሳች፤ ኦገስት 3 ቀን 116 ሰዎች ይዛ በዋልታው ሥር አለፈች። ከአራት ቀን ያህል የበረዶ ሥር ጉዞ በኋላ ከግሪንላንድ ሰሜን ምሥራቅ ብቅ ብላ ኮከብና ፀሐይ ሲለካ ስሌቱ ቦታዋን በትክክል ይዞ ተገኘ።

ሳጥኑ እያወቀ ሰው ሲሳሳት

በ1970 አገልግሎት የጀመረው ቦይንግ 747 ሦስት ኢነርሺያል መሪዎች ተገጥመውለት ወጣ። ውቅያኖስ በሚሻገር በረራ ላይ በኮከብ የሚያሰላ የአቅጣጫ ባለሙያ ማሳፈር ቀረ። የኮሪያ አየር መንገድ በረራ 007 ከእነዚህ አውሮፕላኖች አንዱ ነበር።

ሴፕቴምበር 1 ቀን 1983 ከአንከሬጅ ተነስቶ ወደ ሴኡል ሲሄድ ከመንገዱ እየራቀ፣ እየራቀ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ወጣ፤ ሶቪየት ኅብረት ግዛት ገባ። የሶቪየት ተዋጊ አውሮፕላን መትቶ ጣለው፤ 269 ሰዎች አለቁ። ሦስቱም መሪዎች አውሮፕላኑ የት እንዳለ የሚያውቁ ነበሩ። አውቶፓይለቱ ግን የሚሰማው እነሱን አልነበረም፤ ኮክፒት ውስጥ ያለች አንዲት መምረጫ ማብሪያ «በኮምፓስ አቅጣጫ ያዝ» በሚለው ላይ ነበረች። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ1993 የመረጃ ሳጥኖቹን መርምሮ እንደደረሰበት፣ አብራሪዎቹ ያንን አቅጣጫ እስከ መጨረሻው ይዘው ሄደዋል። ማብሪያዋን ወደ ኢነርሺያሉ ማዞር እንኳ ብቻውን አይበቃም ነበር፤ አውሮፕላኑ ከተወሰነለት መስመር ከ7.5 የባሕር ማይል በላይ ርቆ ከሆነ መሪው አይቀበልም፤ አድፍጦ ይጠብቃል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፕሬዚዳንት ሬገን ጂፒኤስ ሥራ ሲጀምር ለሲቪል አገልግሎት ክፍት እንደሚሆን አሳወቁ። ዛሬ በስልካችን ላይ ያለው የሳተላይት አገልግሎት ወደ እጃችን የመጣበት አንዱ መንገድ በዚህ ሐዘን ውስጥ ያልፋል።

በዚያው ዘመን የጋይሮስኮፑ ጎማ ራሱ እየተወገደ ነበር። ፈረንሳዊው ዦርዥ ሳኛክ በ1913 ያሳየው ነገር አለ፤ ሁለት የብርሃን ጨረሮች በአንድ ዝግ መንገድ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ቢላኩና መንገዱ ቢሽከረከር፣ አንደኛው ከሌላው ቀድሞ ይደርሳል። ሌዘር ከተፈለሰፈ በኋላ በ1963 ይህ ጋይሮስኮፕ ሆነ። የሚሽከረከር ጎማ የለም፤ የሚያልቅ ኩሽኔታ የለም። አንድ እንከን ነበረበት፤ መዞሩ በጣም ሲዘገይ ሁለቱ ጨረሮች እርስ በርስ ተጣብቀው ልዩነታቸውን ያጠፋሉ። መፍትሔው መላውን የመስተዋት ሳጥን በሰከንድ በመቶዎች ጊዜ ማንቀጥቀጥ ሆነ። እንዲህ ያለ ድፍረት በጣም ይማርከኛል፤ ከሁሉ በላይ እርጋታ የሚፈልገውን መሣሪያ እንዲሠራ ያደረገው መንቀጥቀጥ ነው።

ቦይንግ 767 ይህን የሌዘር መሪ ይዞ ነው የወጣው። በ1984 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ 767 ከዋሽንግተን ተነስቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ሲገባ፣ 12,000 ኪሎ ሜትር ያህሉን በ13 ሰዓት ከሩብ ገደማ አጠናቀቀው፤ ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን የዘመኑ ክብረ ወሰን ነበር። ጂፒኤስ ገና ሥራ አልጀመረም። አትላንቲክንና የአፍሪካን ስፋት ሲያቋርጥ ሌዘሮቹ መሪዎቹ ነበሩ።

እንዲህ ያለ መሪ ከመነሳቱ በፊት አሥር ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ መቆም አለበት። በዚያ ጊዜ የምድርን መዞር አዳምጦ ሰሜንን ያገኛል፤ ከምድር ወገብ ምን ያህል እንደራቀም ራሱ ያውቃል። የማያውቀው ኬንትሮሱን ነው፤ ምድር ስትዞር በምሥራቅና በምዕራብ መካከል ምልክት የላትም። ኬንትሮሱን አብራሪው ይነግረዋል። በማርች 2015 የኤየርኤዢያ ኤክስ በረራ ከሲድኒ ሲነሳ አብራሪው 151 ዲግሪ ማስገባት ሲገባው 15 ዲግሪ አስገባ። አውሮፕላኑ ራሱን ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አፍሪካ በኩል ያለ አድርጎ ቆጠረ። ወደ ኩዋላ ላምፑር ሊሄድ የነበረው መንገደኛ ያን ቀን ሜልቦርን ላይ አረፈ።

ከስልክ እስከ ማርስ

አሁን በአብዛኞቹ ስማርት ስልኮች ውስጥ ከሩዝ ፍሬ የሚያንስ ጋይሮስኮፕና አክሰለሮሜትር አለ። ከሲሊከን ተቀርጾ የሚንቀጠቀጥ ደቃቅ ቁራጭ ነው፤ ስልኩ ሲዞር የመንቀጥቀጡ አቅጣጫ ይዛነፋል፤ ያ መዛነፍ በኤሌክትሪክ ይለካል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ብቻውን ከተተወ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይስታል። ስለዚህ የሚያርመው ይፈልጋል።

ናሳ ወደ ማርስ የላካት ኢንጀኒዊቲ ሄሊኮፕተር የያዘችው ለስልክ የሚሠራውን ዓይነት የቦሽ መለኪያ ነው። ማርስ ላይ ጂፒኤስ የለም። አራሚዋ ወደ ታች የሚያይ ካሜራ ነበር፤ በሰከንድ 30 ፎቶ እያነሳ የመሬቱ ድንጋይና ጉብታ ወዴት እንደተንሸራተተ ይነግራታል። በሜይ 2021፣ በስድስተኛው በረራዋ፣ 54 ሰከንድ ያህል እንደበረረች አንዲት ፎቶ ጠፋች። ከዚያ ወዲያ የመጡት ፎቶዎች ሁሉ የተሳሳተ ሰዓት ተጽፎባቸው መጡ። ካሜራው ባለፈ ጊዜ ያየውን እንደ አሁን ሲነግራት ሄሊኮፕተሯ ራሷን ልታርም ወዲያና ወዲህ ትንገዳገድ ጀመር። ያተረፋት መሐንዲሶቹ አስቀድመው ያሰቡበት ነገር ነው፤ ለማረፍ ስትወርድ ካሜራውን ችላ ብላ በውስጥ መለኪያዋ ብቻ እንድትመራ አድርገው ጽፈውታል። ካሰበችው ቦታ 5 ሜትር ያህል ብቻ ርቃ አረፈች። ለአምስት በረራ የታሰበችው 72 ጊዜ በረረች። በጃንዋሪ 2024 የመጨረሻዋ የሆነው በረራ ላይ ያሰናከላት ልሙጥ የአሸዋ ክምር ነው፤ ካሜራው ዓይኑን የሚጥልበት ድንጋይ አጣ።

ወደፊት ተስፋ የሚጣልበት ከአቶም የሚሠራ መለኪያ ነው። በሌዘር እጅግ የቀዘቀዙ አቶሞች በባዶ ሳጥን ውስጥ ሲወድቁ እንቅስቃሴያቸው እጅግ በረቀቀ መንገድ ይለካል፤ አቶም ደግሞ አያረጅም፣ አይዛነፍም። በስታንፎርድ በ1991 ተጀምሮ ዛሬ በመርከብና በአውሮፕላን ላይ እየተሞከረ ነው። ገበያ ላይ ለመውጣት ግን መሣሪያው ማነስ፣ ንዝረትንም መቻል አለበት።

እስከዚያ ድረስ ያለን ነገር ቀድሞ ያወቅነው ነው፤ እሱንም እያፈረስነው ነው። ሎራን የሚባለው የመሬት ሬዲዮ ሥርዓት ምልክቱ ከጂፒኤስ እጅግ የበረታ ስለሆነ ማፈን አስቸጋሪ ነበር። አሜሪካ ወጪ ለመቆጠብ በ2010 ዘጋችው። በ2024 ደግሞ ፊንኤር በባልቲክ አካባቢ የጂፒኤስ መታወክ ሲበረታ ወደ ኢስቶኒያዋ ታርቱ ከተማ መብረር ለአንድ ወር አቆመ። አውሮፕላኖቹ አየር ላይ መንገድ አልጠፋቸውም፤ ኢነርሺያል መሪ አላቸው። የጎደለው የማረፊያው ሥርዓት ነበር፤ ታርቱ ለማረፍ ከሳተላይት በቀር ሌላ መመሪያ አልነበራትም። ችግሩን የፈታው በሳተላይት ላይ ያልተመሠረተ የማረፊያ ሥርዓት መዘጋጀቱ ነው፤ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ወዳለ ጣቢያ ጥሪ ልኮ መልሱ በስንት ጊዜ እንደሚመለስ እየለካ ርቀቱን ያውቃል። አሮጌ የሬዲዮ ዘዴ ነው። ፊንኤር በጁን መጀመሪያ ወደ ታርቱ ተመለሰ።